ለቲቶ ወገብ የሚሆን ሞላ

ቲቶ ከእኔ በፊት ያገባው ዲኤክሷን ነው። እሱ ሰበታ ፋብሪካ ገብቶ ያቺን አሮጌ ቶዮታ ሲገዛ እኔ ገና ዱራሜ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ሽማግሌ የላከብን ጊዜ አባቴ «ልጁ ምን አለው?» ቢል «መኪና አለው» ብለው አሳመኑት። መኪናዋ በሠርጋችን ቀን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንደምትቆምና ሙሽሪት በቬሎዋ ወርዳ እንደምትገፋ ግን ማንም አልነገረውም። እኔ የዚያን ቀን ነው ከሁለቱም ጋር ትዳር የያዝኩት።

ታዲያ የ2008 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ፋብሪካው ውስጥ አንድ እስር ጥጥ ከላይ ወርዶ የቲቶን ወገብ መታው። ጥጥ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በማሽን የተጠቀጠቀ ጥጥ ከድንጋይ አይተናነስም። አዲስ አበባ ወስደን አከርካሪው በብሎን ታሰረለት፤ ቤት ገብቶ ሲያገግም ደግሞ አንደኛው ብሎን ላላ። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ፊቱን አጠቆረብኝ።

«ሰኞ ጠዋት አምጪው፤ እንደገና እንከፍተዋለን» አለኝ። «እስከዚያ ግን እንዳይናጥ። ብሎኑ ነርቡ ውስጥ ከገባ ስለ እግሮቹ እኔን አትጠይቂኝ።»

ሰኞ ካለፈ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሱም አያውቅም። እንዳይናጥ ማለት ደግሞ ለሐኪም ቀላል ነው። ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት አገሩ ሁሉ በተቃውሞ ታምሶ ነበር። ጠዋት የተከፈተ መንገድ ከሰዓት በድንጋይ ይዘጋል፤ ድንጋዩ ሲነሳ ደግሞ አስፋልቱ የተቃጠለ ጎማና ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። አምቡላንስ ብንጠይቅ «መንገዱ ሲረጋጋ ደውሉ» አሉን። መንገዱ እስኪረጋጋ የቲቶ ብሎን ይጠብቃል እንዴ?

ስለዚህ የቀረችን ዲኤክሷ ናት። ቲቶ ከተኛ ወዲህ ዓለም ገና ላይ በኮንትራት የምሠራባት እኔው ነበርኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ሁለት ሦስቱን መንገድ ዘግቼ ልክ ካስገባኋቸው በኋላ «እትዬ ደሜ» ይሉኝ ጀመር። መኪናዋ ግን አሞርዛተሯ ካለቀ ቆይቷል። ጉድጓድ ስትገባ መንገዱን መዋጥ ሲገባት «ጓ!» ብላ ለተሳፋሪው ታስረክበዋለች። ወገቡ ደህና ለሆነ ጤነኛ እንኳ አትመችም።

ሐሙስ ዕለት ቡራዩ ሄድኩ። እዚያ ሰይዳ የምትባል፣ የአባቷን የመለዋወጫ ሱቅ የያዘች ሴት አለች። ግማሹን መዝጊያ ዘግታ፣ በግማሹ ነበር የምትሸጠው።

«አሞርዛተር ከነሞላው፣ የፊትም የኋላም» አልኳት።

«ለዲኤክስ? ስንት ሰው ትጭኚባታለሽ?»

«ስምንት። ካስፈለገ ዘጠኝ። ጠንካራውን ስጪኝ።»

አፌ ለምዶበት ነው። በእኛ መንገድ የሚሠራ ሾፌር ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው፤ አምስት ሰው የሚይዘው ላይ ዘጠኝ ጠቅጥቆ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ጭኖ የሚሄድ ሰው ለስላሳ ሞላ አይጠይቅም። ለስላሳ ሞላ መጠየቅ ለወንድም ሰነፍ ሚስት እንደማጨት ነው። ሰይዳም ያልኳትን ሰጠችኝ፤ አዲስ፣ ጥቁር፣ ክንድ የሚያህል ሞላ።

ሰበታ ያለው መካኒካችን አሥራት ያንኑ ቀን ገጠመው። ዲኤክሷ ከመሬት ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎረቤት መጥቶ መረቃት። አሥራት በጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ «ደሜ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ ላይ ብትወጪ ሆዷ አይነካም» አለኝ። የፊተኛውን ወንበር ፈታንና ከዳሽቦርዱ ሥር እስከ ኋላው ወንበር ጣውላ ዘረጋን፤ በላዩ ፍራሽ አነጠፍን። ቲቶን አስተኝተን ለሙከራ እስከ ሰፈሩ ማዞሪያ ይዤው ወጣሁ።

ማዞሪያው ጋ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ዶሮ የምትንከባለልባት ናት፣ ሌላ ጥቅም የላትም። ቀስ ብዬ ገባሁባት። ቲቶ ጮኸ።

ሞተሩን አጥፍቼ ዞር ስል ትራሱን ነክሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ላብ በላብ ሆኗል። እግሩን ያዝኩት። «ጣትህን አንቀሳቅስ» አልኩት። አንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ነው እኔም መተንፈስ የቻልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ለዘጠኝ ሰው የተሠራ ሞላ አንድ የከሳ ሰው ሲተኛበት መች ጎንበስ ይልለታል? መኪናዋ ጠነከረችና ጥንካሬዋን በቲቶ ወገብ ላይ ተወጣችው።

«በቃ ደሜ፣ ተይው» አለኝ ማታ። «ጌታ የፈቀደው ይሆናል።»

«ጌታ የፈቀደውን እኔም አውቃለሁ። መጀመሪያ አሞርዛተር መርጬ ልጨርስ» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ አፍ።

ዓርብ ጠዋት ሰይዳ ሱቅ በር ላይ ከእሷ ቀድሜ ደረስኩ። ነገሩን ስነግራት ደረቷን መታች።

«አላህ ይይልሽ! ዘጠኝ ሰው ነው ያልሽኝ እኮ! ወገቡ የታመመ አንድ ሰው ብትዪኝ ይህን እሰጥሽ ነበር?»

«አሁን እያልኩሽ ነው። ለስላሳውን ስጪኝ።»

«የለም» አለችኝ። «እንደ አንቺ ያለው ሁሉ ጠንካራ ስለሚል ለስላሳ የሚያመጣ የለም። ድሮ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ነው ለስላሳው። ታክሲ ሆና የማታውቅ፣ በደንብ የተያዘች ዲኤክስ ፈልገሽ ከእሷ ማስፈታት ነው።» ትንሽ አሰበችና፣ «ሱሉልታ እትዬ ማሪቱ የሚባሉ አሉ። ባለቤታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ አባቴ ሱቅ እየመጡ ከሚገዙት ጥያቄያቸው ይበዛ ነበር። ከሞቱ ወዲህ መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሴትዮዋ ግን እንኳን ሊሸጡ ሲያስነኩም አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ያገለገለ ዕቃ ለበሽተኛ መግጠም ደስ የሚል ነገር አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። ሰይዳ ለመጋጠሚያው የሚሆን አዲስ ጎሚኒ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝና፣ «ላስቲኩ አሮጌ ከሆነ ለስላሳውም ይጮኻል» አለች። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ አሥራትን ይዤ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ሯጮቹ በመስመር መንገድ ዳር ይሮጣሉ፤ አገር ቢታመስም እነሱ ልምምድ አላቋረጡም። የእትዬ ማሪቱን ቤት ያሳየችን አንዲት ወተት ይዛ የምትሄድ ሴት ናት። ከቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሰማያዊ ዲኤክስ ቆማለች፤ በመስኮቶቿ ዶሮዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። መሪው ላይ አንድ አውራ ዶሮ ተቀምጧል።

«መምህር ነፍሳቸውን ይማርና ይህን ቢያዩ!» አለ አሥራት በሹክሹክታ።

እትዬ ማሪቱ ሽበታቸው የጠና፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ልጄ። የሞተ ሰው መኪና አይፈታም። ብትፈቱት በሆዷ መሬት ላይ ልትተኛ አይደል? እሱ በሕይወት እያለ አንድ ጎማ ሲተነፍስ እንኳ ‹ተንበረከከች› ብሎ እራቱን አይበላም ነበር። እኔ እያየሁ መሬት ላይ አትተኛም።»

ልመና ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ልመና አይሆንልኝም፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ወደ ጭቅጭቅ ይዞርብኛል። እንባዬም መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ ግን የንዴት ስለነበር እሳቸውን አላራራቸውም። ድንገት ግን የተናገሩት ነገር ገባኝ። ሴትዮዋ የከለከሉኝ መኪናዋን አይደለም፤ መውደቋን ነው።

«እማማ» አልኳቸው፤ «መሬት ላይ ባትተኛስ? የእኔን አዲሱን ሞላ ለእርስዎ እንግጠምልዎት። እንደ ፊቱ ሳይሆን ከፊቱም ከፍ ብላ ትቆማለች። የእርስዎን አሮጌውን ለእኔ ይስጡኝ።»

እትዬ ማሪቱ ወደ መንገዱ ወጥተው የእኔን መኪና ዞረው አዩዋት። በእጃቸው ኮፈኗን ገፋ አደረጉ፤ አልነቃነቅ አለች።

«ለማትሄድ መኪና አዲስ ሞላ? አብደሻል?»

«አዎ» አልኩ። «ባሌ እንዲሄድልኝ ነው።»

ወደ ጓሮው ተመለሱ። «በል እንግዲህ» አሉት አሥራትን፤ «ዶሮዎቹን እንዳትረግጥ።»

አሥራት አራቱንም ፈትቶ ሣሩ ላይ ደረደራቸው። አንዳንዱን እያነሳ ዘንጉን በመዳፉ ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጥሩ አሞርዛተር ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የሞተው እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ችግር ይወርድና እዚያው ይቀራል። የፊቶቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከኋላዎቹ አንዱ ግን ዘይት አልቅሷል።

«ይሄ አይሆንም ደሜ» አለኝ። «ለሙከራ ካልሆነ በስተቀር።»

«ቲቶ የሚተኛው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«እንግዲያው የሚያለቅሰውን በግራ አድርገው። እኔ ስለምቀመጥበት እኔን ይናጠኝ።»

አሥራት ሳቀ፤ ግን እንዳልኩት አደረገ። ወደ ማታ ከሱሉልታ ስንወጣ የእትዬ ማሪቱ ዲኤክስ ከእነዶሮዎቿ ከፍ ብላ፣ ኮራ ብላ ቆማለች። የእኔዋ ወርዳለች፤ ሆዷ ሣሩን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

እሑድ ከቸርች መልስ ቲቶን አስተኝተን ወደዚያችው ማዞሪያ ወሰድኩት። ጉድጓዷ ውስጥ ስገባ እኔ በግራ በኩል «ጓ» ሲለኝ ተሰማኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት ፈራሁ።

«ጉድጓዷ ጋ ገና አልደረስንም እንዴ?» አለ ቲቶ ከኋላዬ።

ሳቄም እንባዬም ባንዴ መጡ። ያን ቀን ያንን ሰው እንደገና ያገባሁት ያህል ነው የወደድኩት።

ሰኞ ገና ፀሐይ ስትወጣ ተነሳን። ሰበታ ጭር ብላለች፤ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ዓለም ገናን በሰላም አለፍን። ወደ አየር ጤና ስናቀና ግን መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቀን። አንድ ረድፍ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ ሌላ። ወጣቶች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከእነሱ ማዶ ባዶ አስፋልት አለ፤ ባዶው አስፋልት ሲያልቅ ፖሊሶች ተሰልፈዋል፣ ከኋላቸውም አንድ አምቡላንስ ቆሟል። ያ «መንገዱ ሲረጋጋ» የተባልነው አምቡላንስ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሳየው ግን ደሜ ፈላ።

ቢጫ ካናቴራ የለበሰ ረጅም ልጅ ወደ መስኮቴ መጣ። «ኤሳ ዴምታ? ወዴት ነሽ ማዘር?»

«ሆስፒታል።»

«መኪና አያልፍም፤ ተመለሽ።» ከዚያ ወደ ጎማዎቹ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምን ጭነሽ ነው እንዲህ የወረደችው?»

«ባሌን።»

በሩን ከፈተው። ቲቶ ጣሪያውን እያየ እንደተኛ «አካም ቡልታን» ብሎ እንዴት አደራችሁ አላቸው፤ ከልጁ ጋር ሌሎችም ተጠግተው ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ብሎኑን፣ ነርቡን፣ ዛሬ ካለፈ ቀን እንደሌለው። «ድንጋዩን ብቻ አንሱልኝ፤ ይህች መኪና አሁን ድንጋይ ላይ መውጣት አትችልም» አልኩ።

እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ተጨቃጨቁ። አንዱ ከኋላዬ የቆሙትን መኪናዎች እያሳየ ይጮኻል፤ ለአንዷ ከተከፈተ ለሁሉም ሊከፈት ነው። አነጋገሩ ስህተት አልነበረውም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ባለ ቢጫው ልጅ ፍራሹን፣ ከፍራሹ ሥር ያለውን ጣውላ በእጁ ነካ ነካ አደረገ።

«መኪና አያልፍም» አለ በመጨረሻ። «ሰው ግን ያልፋል። እንሸከመዋለን።»

«እስከየት?»

ሁላችንም ወደ ፖሊሶቹ አየን። በእነዚያ ቀናት በወጣቶቹና በፖሊሶቹ መሀል ያለውን አስፋልት የሚሻገር ሰው አልነበረም፤ ከዚህም ከዚያም የሚመጣው አይታወቅም። ወጣቶች ተሰብስበው ወደ ፖሊስ ሲሄዱ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

«እኔ ፊት እሄዳለሁ» አልኩ። «የሚመጣ ካለ በእኔ በኩል ይምጣ።»

ባለ ቢጫው ጓደኞቹን ሰበሰባቸው። «በኪሱ ድንጋይ ያለው ያውጣ!» አላቸው። ድንጋዮቹ አስፋልቱ ላይ ሲወድቁ ሰማሁ። ከእነሱ ያልሆነ መስሎኝ የነበረ አንድ ልጅ እንኳ ከሁለቱም ኪሱ አራገፈ። ቁልፌን ለአንዱ ሰጠሁት፤ መኪናዋን በእጃቸው ገፍተው ዳር አስያዙልኝ፤ በኋላ አሥራት ሄዶ ሳትነካ አምጥቷታል። ያን ጊዜ ግን ስለ እሷ ያሰብኩት አንዳች ነገር አልነበረም።

ጣውላውን ስምንት ሆነው አወጡት። «ሱታ! ሱታ!» ይባባላሉ፤ ቀስ፣ ቀስ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ያለፈው ወደ ማዶ ዞሮ ይቀበላል፤ ከዚህ ያለው እስኪረከቡት አይለቅም። ቲቶ በሦስቱም ረድፍ ላይ እንደ ውሃ አለፈ። ምርጫ ሳወጣ ሳወርድ የከረምኩበትን ሞላ ሁሉ በልጆቹ ትከሻ አስረሱኝ፤ ተደሰትኩ፣ ትንሽም ቀናሁ።

ባዶው አስፋልት ላይ ስንወጣ ነጠላዬን ፈትቼ በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩ። የሐኪሙን ካርድ በጥርሴ ይዣለሁ። ከኋላዬ የልጆቹ እግር ብቻ ይሰማል። ግማሽ መንገድ ላይ ከፖሊሶቹ በኩል «ቁሙ!» ተባለ። ጠመንጃዎቹ ተነሱ።

«በሽተኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ካርዱ ወደቀ።

«እዚያው አስቀምጣችሁ ተመለሱ!»

«አይቀመጥም! ወርዶ ሲነሳ ወገቡ ይበጠሳል! መጥታችሁ ከእጃቸው ተቀበሉ!»

አዛዡ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ አንገቱን አስግጎ ሲያየን ቆየ። ከዚያ ወደ ኋላው አንድ ነገር ተናገረ። ስምንት ፖሊሶች ጠመንጃቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው ወደ እኛ መጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ልጆቹ ሳይለቁ፣ ፖሊሶቹ በመሀል በመሀላቸው እየገቡ ጣውላውን ያዙ። ለአንድ አፍታ ያንን ጣውላ ሁሉም ያዙት፤ ትከሻ ለትከሻ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ። ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም የሚያዩት ቲቶን ነበር። «ይዛችኋል?» አለ ባለ ቢጫው በአማርኛ። «ይዘናል» አለው አንድ ፖሊስ። ልጆቹ አንድ በአንድ ለቀቁ።

ለቀው ሲዞሩ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚህ እስከ ድንጋዩ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ጣውላው አምቡላንስ ውስጥ የገባ እንደሆነ እነዚህ ስምንት ፖሊሶች እጃቸው ባዶ ይሆናል። ምናልባት ምንም አያደርጓቸውም ነበር። ምናልባት። እኔ ግን በምናልባት የሰው ልጅ አላስይዝም።

«እናስገባው» አለ አዛዡ።

«ቆዩ!» አልኩ። «አትንቀሳቀሱ። እንዳለ ያዙት፤ ትንፋሹ ይመለስ።»

«ሴትዮ፣ ይከብዳል እኮ!»

«ወገቡ ነው! አንድ እርምጃ ብትነቃነቁ እግሩን ያጣል!»

ቲቶ ዐይኑን ገልጦ አየኝ። ከዚያ በትከሻዬ በኩል አሻግሮ የሚሄዱትን ልጆች አየ። ይሄ ባሌ፣ ዛሬ በከዘራ እየሄደ ስለዚያ ቀን ሲጠየቅ «አንድም ቦታ አላመመኝም» የሚለው ሰው፣ አፉን ከፍቶ ማቃሰት ጀመረ።

«ወይኔ ወገቤ! አትንኩኝ! ገና ነው፣ ገና!»

ስምንቱ ፖሊሶች ደንግጠው ባሉበት ደረቁ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላባቸው ጣውላው ላይ ይንጠባጠባል፤ አንዳቸውም አልለቀቁም። እኔ ዞሬ ወደ መጣሁበት አየሁ። ልጆቹ አልሮጡም። የመጀመሪያውን ረድፍ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ። ባለ ቢጫው የመጨረሻውን ድንጋይ ዘሎ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለ።

«አሁን አስገቡት» አልኩ።